የተማሪ ረሃብና የእኛ ዝምታ



 የዛሬው ንግግሬ ኮሌጅ ስለ ገቡ ልጆቻችንና ስለ ምግባቸው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኮለምበስ ኦሃዮውን ኖርዝላንድ ሰፈር የሚያውቅ ሰው እዚህ የሚራብ ተማሪ አለ ሲባል ማመን ይቸግረዋል። ሞርስ ሮድ ላይ ካለው ሳራጋ ገበያ የገባ ሰው የብዙ አገር ቅመምና አትክልት ይዞ ይወጣል። ክሊቭላንድ አቬኑን ይዞ የተጓዘ ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ የሶማሌ ሻይ ቤት፣ የኔፓሎች ሱቅ ያገኛል። በ1964 የተከፈተው የኖርዝላንድ ሞል በ2002 ሲዘጋ ሰፈሩ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሱቅ እየከፈቱ፣ ቤት እየተከራዩ መልሰው ካሞቁት መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ይገኙበታል። ክርስትና ቢሆን፣ ሰርግ ቢሆን፣ ዒድ ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን፣ በዚህ ሰፈር ሳይበላ የሚሸኝ እንግዳ የለም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚሁ ሰፈር ግን ጠዋት ሲማክስ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ክሊቭላንድ አቬኑን ቁልቁል ወደ ኮለምበስ ስቴት ኮሌጅ የሚወርድ ተማሪ አለ። ሌሊቱን ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ሲጥል አድሯል። ደመወዙ ለቤት ኪራይ፣ ለስልክ፣ ለመጽሐፍና አገር ቤት ላለች እናቱ ተከፋፍሎ አልቋል። ምሳ ሰዓት ደርሶ ጓደኞቹ ሲጠሩት «ጾም ነኝ» ይላቸዋል። እነሱም አክብረውት ይሄዳሉ። ጾም በባህላችን የተከበረ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የለም። ቀኑን ሙሉ በውኃና በቡና ይውላል፤ ማታ እናቱ ደውላ «በላህ ወይ?» ስትለው «አዎ፣ በልቻለሁ» ይላታል።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያው ልናገረው። ለዚህ ተማሪ የተቀመጠ ምግብ አለ፤ እዚያው ኮሌጁ ውስጥ አለ። እንዳይወስደው የሚይዘው ኀፍረት ነው። ያንን ኀፍረት የፈጠርነው እኛው ነን፤ በአነጋገራችን፣ በአሠራራችን፣ በዝምታችን። ስለዚህ ማንሳትም እንችላለን፤ የማንሳትም ግዴታ አለብን።

ችግሩ የጥቂት ሰዎች እንዳይመስለን ቁጥሩን እናስቀድም። የአሜሪካ ኮንግረስ የሚያዘው የመንግሥት ሥራ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው ሪፖርት 31 ጥናቶችን አገላብጧል። ከእነዚህ ውስጥ 22ቱ ከመቶ ተማሪ ከ30 በላይ የሚሆነው የምግብ ዋስትና እንደሌለው የሚገምቱ ነበሩ። ሆኖም ጥናቶቹ አገሪቱን በሙሉ የሚወክሉ አልነበሩም። በ2024 ይኸው መሥሪያ ቤት መላ አገሪቱን የሚወክል የ2020 መረጃ ይዞ ቀረበ። ከማስተርስ በታች ከሚማሩት ውስጥ 23 ከመቶው፣ ማለትም 3.8 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች፣ የምግብ ዋስትና አልነበራቸውም። ከእነዚህ የሚበዙት ደግሞ ገንዘብ በማጣት ምግብ የዘለሉ ወይም መብላት ከሚገባቸው በታች የበሉ ነበሩ። አራት ተማሪዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ከአራቱ አንዱ ለማለት ጥቂት ነው የጎደለው።

የምግብ ዋስትና ማጣት ሲባል ሆድ ባዶ መሆን ብቻ አይደለም። ደመወዝ ሳይደርስ አስቤዛው ያልቃል ብሎ መሥጋትም ይጨመራል። ሳምንቱን ሙሉ በኢንዶሚ መኖር ይጨመራል። ልጇ እንዲበላ ብላ እናት የራሷን መተዋም ይጨመራል፤ በኮሌጆቻችን የሚማሩ ብዙ እናቶች አሉና። እንዲህ ያለ ተማሪ ሲደክም ሰነፍ ይባላል፤ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ግድ የለሽ ይባላል፤ ትምህርቱን ሲያቋርጥ «አልሆነለትም» ይባላል። የውድቀቱ ምክንያት ባዶ ሆዱ ይሆን እንዴ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደ ምግብ ባንክ ልምጣ፤ ብዙዎቻችን ስሙን እንሰማለን እንጂ አሠራሩን አናውቀውም። የመጀመሪያው የምግብ ባንክ የተቋቋመው በ1967 በፊኒክስ አሪዞና ነው፤ መሥራቹ ጆን ቫን ሄንግል ይባላል። በቤተ ክርስቲያን የድሆች ማዕድ ቤት በነጻ የሚያገለግል ሰው ነበር። ሐሳቡን ያገኘው ግን ከአንዲት የተቸገረች እናት ነው። ይህች እናት ልጆቿን ታበላ የነበረው ከሱፐርማርኬት ጓሮ ከሚጣለው ምግብ ነበር፤ የተረፈው ሁሉ ከሚጣል፣ አንዱ የሚያስቀምጥበት ሌላው የሚያወጣበት ቦታ ቢኖር ምን አለበት አለችው። ዛሬ በመላው አሜሪካ ያለው የምግብ ባንክ ሁሉ መነሻው ይህ የአንዲት እናት ሐሳብ ነው።

በእኛ ከተማ ይህን ሥራ የሚሠራው በ1980 የተመሠረተው ሚድ-ኦሃዮ ፉድባንክ ነው፤ አሁን ሚድ-ኦሃዮ ፉድ ኮሌክቲቭ ይባላል። ትልቁ መጋዘኑ ግሮቭ ሲቲ ነው፤ በ20 ካውንቲዎች ላሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማደያዎች ምግብ ያከፋፍላል። ምግቡ የሚመጣው ከሱፐርማርኬቶች፣ ከገበሬዎች፣ ከምግብ ፋብሪካዎች፣ ከለጋሾችና ከፌዴራል መንግሥት የግብርና ሚኒስቴር ነው። የምግብ ባንኩ ጅምላ አከፋፋይ ነው፤ እኛ «ፉድ ፓንትሪ» የምንለው ሰው የሚገለገልበት ማደያ ደግሞ ችርቻሮው ነው። በኮሌጅ ደረጃ ተማሪዎች ለተማሪዎች የሚያስተዳድሩት የመጀመሪያው የምግብ ባንክ በ1993 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ዛሬ በከተማችን ኮለምበስ ስቴት ኮሌጅ ከሚድ-ኦሃዮ ጋር የሚሠራ ሚድ-ኦሃዮ ማርኬት የሚባል ማደያ አለው፤ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተማሪዎች የሚመሩት በካይ ፉድ አላያንስ አለው። ምግቡ በካርቶን ታሽጎ የሚታደል እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ሱቅ መደርደሪያ አለው፣ ተማሪው የሚፈልገውን መርጦ ይወስዳል።

ምግቡ ካለ፣ ቦታው ካለ፣ የተራበው ለምን አይሄድም?

ይህንን ጥያቄ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጠይቀውታል፤ ጥናታቸው በ2018 ታትሟል። የምግብ ዋስትና የሌላቸውን 899 ተማሪዎች መጠይቅ አስሞሉ። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ማደያ እያለ የተጠቀሙበት 38 ከመቶው ብቻ ነበሩ። ከዚያ 41 ተማሪዎችን ቁጭ ብለው አነጋገሩ፤ አራት ምክንያቶች ተደጋግመው ወጡ። የሰው ዓይን መፍራት፣ ስለ አሠራሩ በቂ መረጃ ማጣት፣ «ይህ ለእኔ ዓይነት ሰው አይደለም» የሚል ስሜት፣ የማይመች የአገልግሎት ሰዓት። እነዚህን አራቱን ወደ ኖርዝላንድ አምጥተን አንድ በአንድ እንያቸው። ከቀላሉ ልጀምር።

ሰዓቱ። ከእኛ ተማሪዎች ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሳይሆኑ ከሥራ በተረፈ ጊዜ የሚማሩ ናቸው። የሌሊት ሺፍት አለ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ አለ፣ ኤርፖርት አለ፣ ዴሊቨሪ አለ። ማደያው የሚከፈተው እኩለ ቀን ላይ ከሆነ ያን ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነው፣ ወይም ሥራ ላይ፣ ወይም ክፍል ውስጥ። ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ስለሆነ ተጠይቆ ይስተካከላል። ግን ማን ይጠይቅ? የሚያፍር ሰው የሰዓት ማሻሻያ አይጠይቅም። ስለዚህ የተማሪ ማኅበሮቻችን ይጠይቁ፤ የማታ ሰዓት፣ የቅዳሜ ሰዓት፣ አስቀድሞ በስልክ ታዝዞ የሚወሰድበት መንገድ ይጠይቁ።

መረጃው። እኛ መካከል የሚወራው አንዱ ነገር «ፓንትሪ የሄደ ሰው የመኖሪያ ወረቀቱ ይበላሻል» የሚል ነው። ይህ ወሬ ብዙ ሰው አስርቧል። ማደያ ላይ በተለምዶ የሚጠየቀው ስም፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ብዛትና ስለ ገቢ የራስ ቃል ነው፤ በኮሌጅ ማደያ ደግሞ የተማሪ መታወቂያ። ዜግነት አይጠየቅም፣ ፓስፖርት አይታይም። ከማደያ ምግብ የሚወስድ ሰው የመንግሥት ጥሬ ገንዘብ አልወሰደም። በየሰፈሩ ያሉትን ማደያዎችና ሰዓታቸውን ሚድ-ኦሃዮ ባዘጋጀው ፍሬሽትራክ በሚባለው አገልግሎት ከስልክ ላይ ማየትና መመዝገብ ይቻላል።

ይህንን አጥብቄ የምናገረው ፉድ ስታምፕ የሚባለው የመንግሥት የምግብ እርዳታ ለብዙዎቻችን ዝግ ስለሆነ ነው። በሕጉ መሠረት በዲቪ የመጣ አዋቂ ሰው ግሪን ካርድ ይዞም ቢሆን፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልገጠሙት በቀር፣ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። በተማሪ ቪዛ የመጣ አይፈቀድለትም። በ2025 ሐምሌ ላይ የወጣው ሕግ ደግሞ ስደተኞችንና ጥገኝነት የተሰጣቸውን ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ አውጥቷቸዋል። በዚህ ላይ ተማሪ በመሆን ብቻ የሚመጣ ሌላ ገደብ አለ። ዕድሜው ከ18 እስከ 49 የሆነና ቢያንስ የሙሉውን ትምህርት ግማሽ የሚወስድ ተማሪ፣ በሳምንት በአማካይ 20 ሰዓት ካልሠራ፣ ወይም በወርክ-ስተዲ ካልተመደበ፣ ወይም ትንሽ ልጅ ካላሳደገ፣ ወይም በሕጉ ከተዘረዘሩት ሌሎች ምክንያቶች አንዱን ካላሟላ አያገኝም። ከ2024ቱ ሪፖርት የምናገኘው ሌላ አሳዛኝ ነገር ደግሞ አለ፤ መስፈርቱን ያሟላሉ ተብለው ከተገመቱት 3.3 ሚሊዮን ተማሪዎች የሚበዙት እርዳታውን እያገኙ እንዳልነበር ነው የታየው። ስለዚህ ለሁላችሁም የምመክረው አንድ ነው። የሚፈቀድላችሁ ከሆነ አመልክቱ፤ የፍራንክሊን ካውንቲ የሥራና የቤተሰብ አገልግሎት መሥሪያ ቤት እዚሁ ኖርዝላንድ ፓርክ አቬኑ ላይ ቅርንጫፍ አለው። የማይፈቀድላችሁ ከሆነ ማደያው ለእናንተ ክፍት ነው፤ ሂዱ።

ሦስተኛው «ከእኔ የባሰ አለ» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ልጆች ጨዋ ልጆች ናቸው። እኛ ነን እንዲህ አድርገን ያሳደግናቸው፤ ሰው ቤት ሲሄዱ «ጠግቤያለሁ» እንዲሉ፣ ሁለቴ ሳይለመኑ እንዳይጎርሱ ያስተማርናቸው እኛ ነን። ይህ ጨዋነት እንግድነት ሲሄዱ ያስከብራል። ምግብ ተርፎ በሚጣልበት አገር ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንደኛ፣ የተራበው ልጅ ባለመሄዱ የባሰው ሰው አይጠግብም። ሁለተኛ፣ ማደያዎች ምግብ የሚታዘዝላቸው፣ የሚደጎሙትና የሚስፋፉት ስንት ሰው እንደተገለገለባቸው እየታየ ነው። የተቸገረው ሁሉ «ከእኔ ለባሰው ይሁን» ብሎ ሲቀር በመዝገብ ላይ ችግር የሌለ ይመስላል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ከእርሱ የባሰው ነው። በተጨማሪም «ከእኔ የባሰ» የሚለው ተማሪ የድሃ መልክ በአእምሮው ሥሏል፤ ቤት የሌለው፣ ልብሱ የተቀደደ፣ መንገድ ዳር የቆመ። ላፕቶፕ የያዘና ባጅ ያንጠለጠለ ሰው በዚያ ሥዕል ውስጥ የለም። የዛሬ ረሃብ ግን ላፕቶፕ ይዞ ነው የሚዞረው።

የቀረው አራተኛው፣ የሰው ዓይን ነው፤ ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው። እባካችሁ በዚህ ላይ ከእኔ ጋር ጥቂት ቆዩ።

የኮለምበስ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለሁሉም ተማሪ ቁርስና ምሳ በነጻ ይሰጣሉ፤ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም፣ የሀብታም ልጅና የድሃ ልጅ ተብሎ ሰልፍ አይለይም። ስለዚህ በኖርዝላንድ ሃይስኩል የሚማር ልጃችን እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ በነጻ ምሳውን ይበላል። ያፍራል? አያፍርም፤ ሊያፍር እንደሚችልም አያስበውም። ይህ ልጅ ይመረቃል፣ እናቱ እልል ትላለች። ኮለምበስ ፕሮሚስ ከሚባለው የከተማው ፕሮግራም ክፍያው ተሸፍኖለት፣ በሴሚስተር 500 ዶላር ተጨምሮለት ነሐሴ ላይ ኮለምበስ ስቴት ይገባል። ያ 500 ዶላር ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ ይውላል፤ ለአራት ወር ምሳ አይደርስም። ልጁ ያው ልጅ ነው፣ ከተማው ያው ከተማ ነው፣ ሆዱ ያው ሆድ ነው። በግንቦት ያላሳፈረው ነጻ ምሳ በነሐሴ እንዴት አሳፋሪ ሆነ?

መልሱ ግልጽ ነው። በግንቦት ሁሉም ይበላ ነበር፤ በነሐሴ ተለይቶ መውጣት አለበት። ሰው የሚያፍረው ሲለይ ነው። ምግቡን ሁሉም በሚያገኝበት ቦታ ኀፍረት የሚበቅልበት ሥፍራ የለም።

ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በ2003 የወጪ መጋራት ደንብ ከወጣ በኋላም ተማሪው የመኝታና የምግቡን ዋጋ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ ይከፍላል እንጂ ጠዋት ጠዋት የሚበላውን ብቻውን አይፈልግም። ሚል ካርዱን ይዞ ካፌ ይሰለፋል። ወጡ ቀጥኗል፣ ዳቦው አንሷል፣ ሰልፉ ረዝሟል ተብሎ ያልተማረረበት ጊዜ የለም፤ ምሬቱም ትክክል ነበር። የተማሪው የቀን ምግብ በጀት በ22 ብር ለዓመታት ቆይቶ በቅርቡ ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል የተደረገው ነገሩ በአደባባይ ስለተነገረ፣ የአገር ጉዳይ ስለሆነ ነው። ሁሉም ከአንድ ድስት ስለሚበላ አንዱ ሲርበው ሁሉም ይናገራል። እዚህ ያለው ተማሪ ግን የሚርበው ለብቻው ነው። ለብቻው የሚራብ ሰው የበጀት ጥያቄ አያነሳም፤ ራሱን ይወቅሳል።

ወደ ኋላ እንሂድና ደግሞ ከዘመናዊው ትምህርት በፊት የነበረውን እናስታውስ። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻው ዱላ ይዞ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምን ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የባለጸጋ ልጆችም ነበሩ፤ ለትምህርቱ ሲሉ የአባታቸውን ቤት ትተው የወጡ። በወሎ ደረሳውም እንዲሁ የአካባቢው ሰው በሚሰጠው ምግብ ኪታቡን ይቀራ ነበር። ኑሮው ከባድ እንደነበር አልክድም፤ ብርድ ነበር፣ ረሃብ ነበር፣ ውሻ የነከሰው ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን በደንብ የቆመ ነበር። ቁራሹን የምትሰጠው እናት ተማሪውን አትንቀውም፤ ከትምህርቱ በረከት እንደምትካፈል ታምን ነበር። የተማሪው መብላት የመንደሩ ኃላፊነት ነበር። ቅኔ አዋቂዎቻችን፣ መጻሕፍት ተርጓሚዎቻችን፣ ሸኾቻችን፣ ሊቃውንቶቻችን ያደጉት በዚህ እንጀራ ነው። እንግዲህ ለተማሪ መስጠትንም፣ ተማሪ ሆኖ መቀበልንም እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው ቢኖር ከአባቶቹ የወረሰው አይደለም።

ከታሪካችን ሌላም ልጨምር። በ1973 የወሎ ረሃብ ተሸፍኖ በነበረበት ወቅት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጥተው ግቢው ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪውም ዝም አላለም። የሕዝብን ረሃብ ለመግለጥ የደፈረ የተማሪ ወገን ነው ያለን። የዛሬው ልጃችን የራሱን ረሃብ ለጓደኛው እንኳ መናገር ካልቻለ፣ ድፍረቱን ከእርሱ የወሰድነው እኛ መሆናችንን እንመን።

እንዴት ወሰድንበት? በምናወራው ነው። ቡና ላይ ተቀምጠን «እገሌ ፓንትሪ ተሰልፎ አየሁት» ብለን ስናወራ ልጃችን ጎን ቁጭ ብሎ ይሰማል። «እኛ አሜሪካ መጥተን የማንንም እጅ አላየንም» ስንል ይሰማል። በሞባይል ወደ አገር ቤት የምንልከው ፎቶ ሁሉ የሞላ ገበታ፣ አዲስ መኪና ሲሆን ያያል። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ሲገባ ችግሩን ለማን ይናገር? ሌላው ቀርቶ ምግቡን ከማደያ ቢያመጣ እንኳ ላስቲኩን ቀይሮ ነው ቤት የሚገባው።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ የምንሠራው ሥራ አለ። አራት ነገር እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ወላጆችን። ልጃችሁን «በላህ ወይ?» ብላችሁ አትለፉት፤ መልሱን ታውቁታላችሁና። «ኮሌጃችሁ ውስጥ ፓንትሪ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ በዚህ ሳምንት ሂድና ምን ምን እንዳለ ንገረኝ» በሉት። እናት ራሷ ከላከችው የሚያፍርበት ሰው አይኖርም። ከእናንተ ውስጥ ራሳችሁ ተማሪ የሆናችሁም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛ አብያተ ክርስቲያናትን፣ መስጊዶችን፣ እድሮችንና ማኅበራትን። በኮሌጅ ማደያ መደርደሪያ ላይ የሚበዛው ፓስታ፣ የቆርቆሮ ምግብና የለውዝ ቅቤ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን ለሚጾም ተማሪ፣ ሐላል ለሚበላ ተማሪ የሚሆነው ያንሳል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት እንዲኖር እናድርግ። ነገር ግን ሥርዓቱን እንወቅ፤ ቤት የተፈጨ ሽሮና በርበሬ በላስቲክ ተቋጥሮ ቢመጣ አብዛኞቹ ማደያዎች አይቀበሉም፤ የታሸገና ይዘቱ የተጻፈበት መሆን አለበት። አስቀድማችሁ ደውላችሁ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ። ገንዘብ መስጠትም ይቻላል፤ የምግብ ባንክ በጅምላ ስለሚገዛ የእናንተ ዶላር እዚያ ከሱቁ የበለጠ ይገዛል። በ2000 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ተዋሕዶ ማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት በዚህች ከተማ ከየትኛውም አገር የመጣውን ስደተኛ እያገለገለ ቆይቷል፤ አብሮ መሥራት ይቻላል የሚለው አዲስ ነገር አይደለም።

ሦስተኛ በኮሌጅ የምታስተምሩና የምትሠሩ ወገኖቼን። ሣራ ጎልድሪክ-ራብ የሚባሉ የትምህርት ተመራማሪ ከ2017 ጀምሮ መምህራን በኮርስ መግለጫቸው ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨምሩ ሲያሳስቡ ኖረዋል፤ ምግብ ወይም ማደሪያ የቸገረው ተማሪ ለመምህሩ ወይም ለተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ እንዲናገር የሚጋብዝ አንቀጽ። በመጀመሪያው የክፍል ቀን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ለሁሉም ሲነበብ ማንም አይለይም።

አራተኛና ዋናው ተማሪዎችን። ያላችሁ በማደያው በነጻ አገልግሉ፤ መደርደሪያ ደርድሩ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ለሚናገር አዲስ ተማሪ አስረዱ። ደንበኛው ማን፣ አገልጋዩ ማን እንደሆነ በማይለይበት ቦታ የሰው ዓይን አይከብድም። የሌላችሁ ደግሞ ሂዱና ውሰዱ። ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጓደኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምናልባት እርሱም «ጾም ነኝ» እያለ የከረመ ሊሆን ይችላል።

በእርግጥ ማደያ ብቻውን ችግሩን አይፈታም። የቤት ኪራይ ሲንር፣ ደመወዝ ሲያንስ፣ የመንግሥት እርዳታ ሲጠብ የሚፈጠረውን ቀዳዳ በቆርቆሮ ባቄላ መድፈን አይቻልም። የፌዴራል መንግሥት በበጀት ክርክር ተዘግቶ በ2025 ኅዳር የፉድ ስታምፕ ክፍያ ሲዘገይ ሸክሙ በምግብ ባንኮች ላይ ወድቆ አይተናል። ስለዚህ ድምፅ መስጠት የምትችሉ ስጡ፤ ለከተማው ምክር ቤትና ለስቴቱ ተመራጮች ንገሩ፤ እስከ ግንቦት ለሁሉም ልጅ የነበረ ምሳ በነሐሴ ለምን እንደሚቋረጥ ጠይቁ። ይህ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ የግብር ከፋይ ጥያቄ ነው።

ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ግን ነገ ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

እናንተ ተማሪዎች፣ ልጆቼ ሆይ! ከአገራችሁ የወጣችሁት፣ ወይም ወላጆቻችሁ የወጡት፣ እንድትማሩ ነው። የሚማር ሰው መብላት አለበት። ማደያው የተከፈተው ለእናንተ ነው፤ የተመዘገባችሁበት ኮሌጅ አገልግሎት ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን እንደምትጠቀሙ ተጠቀሙበት። በዚህ ሳምንት ሂዱ። እናንተም ወላጆች፣ ሲመለሱ ያመጡትን ተቀብላችሁ ወጡን ሥሩ፤ ከየት አመጣኸው ብላችሁ አንገታቸውን አታስደፏቸው።